አርባ አምስት ደቂቃ

ቲኬቱን የገዛው ልጁ ነው፣ ሙሽራ ሊሆን ያለ፤
«ሽማግሌዎቼ በመኪና አይንገላቱም» እያለ።
ሦስት ሆነን መጣን፦ ዳንግሶ፣ ከዘራው ዘይት ጠጥቶ፣
ሃምሳ አለቃ በርገና፣ ናፍታሊን የሚሸት ሱፉን ከሻንጣ አውጥቶ፣
እኔም፣ ሠላሳ ዓመት ካርታ ያስተማርሁ ጡረተኛ፣
ዛሬ ደግሞ ለሰው ልጅ የሰው ልጅ የምለምን መልእክተኛ።

በረራው ሁለት ሰዓት። አርባ አምስት ደቂቃ ይላል ወረቀቱ።
ቀጠሯችን ስምንት ሰዓት ነው፣ ገርጂ፣ ከልጅቷ አባት ቤቱ።
«ይተርፈናል» አለ ዳንግሶ።

ሁለት ሰዓት ሞላ።
ሁለት ተኩል ሞላ።
ድምፅ ማጉያው ተንቋቋ፤ ሳል የያዘው ይመስላል፤
«ክቡራን መንገደኞች፣ በቴክኒክ ምክንያት በረራው ይዘገያል።»
ምን ቴክኒክ? አይልም። እስከ መቼ? አይናገርም።
ይቅርታውን ግን በሁለት ቋንቋ ጠይቆ አይጠግብም።

ጎኔ ያለችው ሴት ካርቶኗን በእግሯ አቅፋለች፤
ቆሮሶ ነው፣ በበረዶ፤ በየሩብ ሰዓቱ ክዳኑን ታሸታለች።
ከካርቶኑ ጥግ ቀጭን ውሃ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተሳበ፤
ወደ መሳፈሪያው በር፣ ከሁላችን ቀድሞ፣ ቀስ እያለ ቀረበ።

ዳንግሶ ተነሣ። ሽምግልና ልማዱ ነው፤ ደም ያስታረቀ፣
የተኳረፈ ወንድማማች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ያሳቀ፤
ከባንኮኒው ፊት ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።
«ልጄ፣ ጥፋተኛው ማነው? አውሮፕላኑ ወይስ ደመናው?
ሁለቱንም እናናግር። ካሳ ካለ ይቆረጥ፤ እርቅ ነው የሚያዋጣው።»
ልጅቷ ሳቀች። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል፦ ምንታምር።
«አባ፣ እኔም የማየው ይኼን ስክሪን ነው፤ እሱም አይናገር።»

ያኔ ነው አንድ ሰው ከውስጤ ተነሥቶ የወጣ፤
ቁርጥ እኔን የመሰለ፣ ግን ትዕግሥቱ ያለቀ፣ የተቆጣ።
በባጃጅ መናኸሪያ ደረሰ፤ ወያላው «አዲሳባ! አንድ ሰው!» እያለ፣
ከኋላ ወንበር፣ ከጎማው በላይ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተተከለ።
እኔ ቁጭ ብዬ በካርታ ተከተልሁት፦
ሻሸመኔ፤ ድንች በዘንቢል በመስኮት ሲያቀብሉት።
አርሲ ነገሌ፤ እንቅልፍ። ላንጋኖ፤ ቡናማው ውሃ ብልጭ ብሎ ጠፋ።
ዝዋይ ሲደርሱ ሹፌሩ ወርዶ የግራውን ጎማ ነፋ።
መቂ፤ አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዛ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ።
እኔ እዚህ፣ የብረት ወንበር ላይ፣ እንደ ኩበት ድርቅ።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ሣሩ ላይ፣ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤
ራሳቸው መላጣ፣ ክንፋቸው ካባ፤ እነሱም ለሽምግልና የተላኩ ይመስላል።
አንዱ ሦስት እርምጃ ሮጠ፤ ክንፉን ዘረጋ፤ ተነሣ።
ቀበቶ አላወለቀ፣ ኪሱ አልተበረበረ፤ ሄደ ወደ ዓሣ።
ሃምሳ አለቃ በዓይኑ ሸኘውና፣
«ቴክኒክ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው» አለ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ያ ሌላው እኔ ገርጂ ደረሰ፤
የቲማቲሙን ሳጥን ደጅ አስቀምጦ ኮቱን ለበሰ።
«ቤቶች!» ሊል አፉን ሲከፍት የእኔ ስልክ ጮኸ። አባትየው ናቸው።
«የት ደረሳችሁ?»
«ሐዋሳ።»
«ከሐዋሳ ተነሥታችሁ የት?»
«ከሐዋሳ አልተነሣንም።»
ሳቁ ይሁን ተቆጡ፣ በስልክ አይለይም።
ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡራን ሽማግሌዎች፣ በቴክኒክ ምክንያት ይዘገያል መልሱ፤
ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ፤ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ።»

ዳንግሶ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «እሺ ማለታቸው ነው» አለ፤
«እምቢ የሚል አባት ይቅርታ ሲጠይቅ የት አለ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ መጣ፤ አንገቱን የደፋ፣ በትሕትና።
ሰው ተሰለፈ። እኛ ሦስታችን ተያየን፤ አልተነሣንም ገና።
ዳንግሶ ከዘራውን ፈለገ፤ ወደ ከተማው ዞረ።

ያ ሌላው እኔ ግን ገርጂ በር ላይ እንደቆመ ቀረ።
ማን ይመልሰው? ቲማቲሙስ?
በመኪና ይምጣ እንግዲህ፤ መንገዱን ያውቀዋል።